ሦስቱ ቀይ ክቦች

ሰኞ። ሲዘንብ ዋለ።

ይህን ደብተር ያመጣችው ነርሷ ናት። ባለቤቴ ደረቷን ስለሚያማት ነርሷ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ እየመጣች ታያታለች። ባለፈው መጥታ፣ «እማማ ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው። ስለዚህ አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። በቀን ስንቴ እንደሳሉ፣ ምን እንደበሉ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር፣ ያዩትን ሁሉ ያስጽፉልኝ» አለችና ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትታ ሄደች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቦይለር ላይ ስሠራ ፊደል የጠየቀኝ የለም። እንፋሎቱ ከተነሣ፣ ልብሱ ከተቀቀለ፣ ጠብታ ካላፈሰ ሰው ነኝ። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ባለቤቴ ትጽፋለች። በሽተኛ ስለ ራሷ በሽታ ከሌላ ሰው አፍ ስትጽፍ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

«ስንቴ ሳልኩ ልበል?» አለችኝ።

«አሥራ አራቴ።»

«ውሸታም! ዘጠኝ ነው።»

«ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ አንቺ ጻፊ።»

አሥራ አራት ብላ እንደጻፈች በምን አውቃለሁ? ቁጥርማ ለይቼ አውቃለሁ፤ የግፊት መለኪያ ሳነብ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። እሷ ግን አውቃ በፊደል ትጽፈዋለች።

ተናግሬ ስጨርስ ደብተሩን ገልብጣ ከመጨረሻው ገጽ ላይ የሆነ ነገር ጫረች። «ምንድን ነው እሱ?» አልኳት። «ቀኑን ነው» አለችኝ። ቀን ከፊት አልነበር እንዴ የሚጻፈው? እንግዲህ የተማረችው እሷ ናት።

ማክሰኞ።

ሳል፦ አሥራ አንድ። ዝናብ። ምሳ ግማሹን ተወችው።

አጭር ይሁን፤ አበባ ላጠጣ ነው። የማን አበባ? የልጄ። ሠላሳ ሁለት ጣሳ። ሁሉም ቤት ውስጥ።

ሐሙስ። ካፊያ።

ነርሷ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ብላለችና ቤቱን ልንገራት። ጊዜ አለኝ።

አንድ ልጅ አለችን። ቢሮ ነው የምትሠራው። አምና አንድ ሥልጠና ገብታ ወጣች፤ የገባችውና የወጣችው ግን አንድ ሰው አልነበሩም። መኪናዋን ሸጣ ብስክሌት ገዛች። ሥጋ ተወች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«አባዬ፣ ምድር ታማለች» አለችኝ።

«እናትሽም ታማለች» አልኳት።

«ለሷም ብዬ እኮ ነው! ይኼ የእንጨት ምድጃ ነው ሳንባዋን የጨረሰው።»

እውነቷን ነው። ሐኪሙም ከጭስ ይራቁ ብሎ ነበር። ምድጃውን ነቅዬ በትከሻዬ ተሸክሜ ያወጣሁት እኔው ነኝ። አርባ ዓመት ያሞቀንን ምድጃ ደጅ አውጥቼ ዝናብ ሲመታው አየሁ፤ ስለሷ ሳንባ ነውና መልሼ አላስገባሁትም።

በምድጃው ፋንታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መጣ። ማሞቂያው የሚሠራው ጣሪያ ላይ በተሰቀለው ሶላር ነው። ሶላሩ የሚሠራው በፀሐይ ነው። ፀሐይዋ ደግሞ በዚህ ክረምት ደስ ባላት ቀን ነው የምትሠራው። ልብስ ማድረቂያ ማሽኑም መብራት ይበላል ተብሎ ለሰው ተሰጠ፤ አሁን ልብስ የሚደርቀው ኮሪደር ላይ በተዘረጋ ገመድ ነው፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ስሄድ አንሶላ ፊቴን ይልሰኛል። የታጠብንበት ውሃ አይደፋም፤ መታጠቢያ ቤት በርሜል ውስጥ ተጠራቅሞ ለሽንት ቤት ይውላል። የአትክልት ልጣጭ አይጣልም፤ ጓዳ ውስጥ በባልዲ ይበሰብሳል፣ ማዳበሪያ ይሆናል አሉ። ማዳበሪያውን የሚበሉት ደግሞ ሠላሳ ሁለቱ ጣሳዎች ናቸው።

አልተቃወምኩም ብል እዋሻለሁ። አንድ በአንድ ተቃውሜ አንድ በአንድ ተሸነፍኩ። በመጨረሻ ልጄ፣ «አሁን የቀረው ቤቱን ማሸግ ነው፤ ሙቀቱ በየስንጥቁ ይወጣል። ለባለሙያ ልስጠው» አለች። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«ባለሙያ? እኔ እያለሁ?»

ሥራ ቦታ የወጣልኝን ስም ታውቃለች። ጓርኒሲዮን ነበር የሚሉኝ። በሁለት ብረት መካከል ገብቶ እንፋሎት እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎማ ነው፣ ጓርኒሲዮን። የኔ እጅ ያሰረው ቱቦ ሲያፈስ ያየ ሰው ካለ ይምጣ።

ልጄም ተሸንፋ የቤቱን ስዕል በወረቀት ሰጠችኝ። ሦስት ቦታ በቀይ ከብባለች፤ ሥሩም ላይ ጽፋበታለች። «እማዬ ታነብልሃለች» ብላ በብስክሌቷ ሄደች። ስዕል ለማየት አንባቢ አያሻኝም። ቦይለር ክፍል ውስጥ ፎርማናችን የሚያፈስ ቦታ ሲያገኝ በቀይ ጠመኔ ይከበዋል፤ እኛ የተከበበውን እንደፍናለን። በዚህ ነው የኖርኩት። በቀይ የተከበበ ነገር ሳልደፍን ቤቴ ገብቼ አላውቅም።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለአቧራው ብለን ባለቤቴን ጎረቤት በረንዳ ላይ አስቀመጥናት። በሩን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን በጎማና በፎም ጠረቀምኩት። እነዚያን ቀይ ክቦች ግን በተለየ ነው የሠራኋቸው። አንዷ ሳሎን፣ አንዷ ጓዳ፣ አንዷ መኝታ ቤት ከቁምሳጥኑ በላይ ናት፤ መዳፍ የምታህል፣ ከውጭ በኩል የቆርቆሮ ወንፊት ያላት ቀዳዳ። መጀመሪያ ቃጫ ጠቀጠቅሁ፣ ከዚያ ሲሚንቶ፣ ከዚያ ላሜራ፣ ከዚያ አራት አራት ብሎን።

እዚህ ላይ ባለቤቴ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ምነው?»

«ምንም። ቀለሙ ነው።»

ተነሥታ ጓዳ ሄደች። የልጄ ወረቀት እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። ውሃ ጠጥታ ተመለሰች መሰለኝ። ከዚያ ደብተሩን ገልብጣ ቀኑን ጻፈች። ረጅም ቀን ነው።

ሳል፦ አሥራ ሦስት።

ቅዳሜ።

ጥሩንባ መጣ። ጎረቤታችን ነው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር። ስሙን ያገኘው በመኪናው ይሁን በአፉ አይታወቅም። ገና በሩን ሲከፍት መነጽሩ ጉም ለበሰ።

«ጓርኒሲዮን! ቤት ነው የገባሁት ወይስ የሰው ሻወር?»

«አውልቀው ታያለህ።»

«ባወልቀውም ያው ነው። ኧረ ዓሣ ልቀቁበት! እኔ እመግባለሁ።»

ባለቤቴ ሳቀች። ስትስቅ ሳሉ ያዛት፣ ሳሉ ሲይዛት አልለቅ አላት፣ በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ሁለቴ ሳበች። ጥሩንባን በዓይኔ አባረርኩት። እሱም ገብቶት ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። በር ላይ ሆኖ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሴትዮዋን ወደኔ በረንዳ ብቅ አድርጋት። እኔ ዘንድ ስትቀመጥ እንዲህ አትስልም» አለኝ።

ያንተ በረንዳ መድኃኒት ነው? አልኩት። እሱንም ጻፊው።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የመኝታ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ አገኘሁ። ዘጋሁት።

«ሙቀቱን ለማን ነው የምትለቂው?»

«ወፍ ልይ ብዬ ነው።»

«ወፍ በመስታወት አትታይም?»

ሳል፦ አሥራ ስድስት።

ሰኞ። ዝናብ፣ ዝናብ።

ግድግዳው አላበው። ጠዋት ቁምሳጥኑ አጠገብ እጄን ሳሳርፍ ረጠበ። የጫማዬ ውስጥ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። የባለቤቴ የክት ቀሚስ ከተሰቀለበት ሲወጣ የድንች ጎተራ ይሸታል።

እንፋሎት አውቃለሁ። ሌላ ነገር ላላውቅ እችላለሁ፤ እሱን ግን አውቃለሁ። አንሶላው ሲደርቅ ውሃው የት ሄደ? በርሜሉ ክዳን የለው። ጣሳዎቹ የጠጡትን ይተነፍሱታል። ባልዲው ይፈላል። እኛም ሁለታችን ቀን ከሌት አፍና አፍንጫ ነን። ይህ ሁሉ ሲገባ አይቻለሁ። የሚወጣበትን ግን...

ይህን አትጻፊው አልኳት። እስክሪብቶዋ አላቆመም።

ሳል፦ አሥራ ዘጠኝ።

ረቡዕ።

ነርሷ መጣች። ገና ስትገባ አፍንጫዋን እንደ ውሻ አነሣች። ደብተሩን አገላበጠች፣ ባለቤቴን አዳመጠቻት፣ ከጀርባዋ በኩል ረጅም ጊዜ አዳመጠቻት። ከዚያ ተነሥታ ቁምሳጥኑ ጀርባ በስልኳ መብራት አየች።

«አባባ፣ ይኼን አይተውታል?»

«ምኑን?»

«ግድግዳው ጥቁር ሆኗል። ሻጋታ ነው። እማማ ይህን ነው እየሳቡ ያሉት።» ወደ ላይ አንጋጠጠች። «ቤቱ አየር ማስገቢያ የለውም?»

«ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

ጥያቄ አበዛች። መድኃኒቱን በእጥፍ አደረገችው። መስኮት ክፈቱ አለች። ከፈትን፤ ብርዱ ገብቶ ባለቤቴ ተንቀጠቀጠች፤ ዘጋን። ማሞቂያው ሥራ ቢሉት ፀሐይ የለም። ሲዘጋ ትስላለች፣ ሲከፈት ትንቀጠቀጣለች። ምን ላድርግ? የቱ ቫልቭ ነው የሚዞረው?

ሐሙስ።

ነርሷ ለልጄ ደውላላት ኖሮ እየሮጠች መጣች፣ ብስክሌቷ ላይ እንደ አይጥ በስብሳ። እርጥብ ካፖርቷን እሱንም ገመዱ ላይ ሰቀለችው።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የምሰማው? ወረቀቱ ላይ እኮ ሁሉንም ጽፌልሃለሁ። በቀይ የከበብኳቸው ሦስቱ አየር ማስገቢያዎች ክፍት ናቸው አይደል?»

ባለቤቴ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ።

እኔም መለስኩላት። እንዳልሽው አድርጌያለሁ አልኳት።

«እንግዲያ ከምን መጣ?» አለች ልጄ። ተቀመጠችና እንደ ድሮዋ፣ እንደ ትንሽነቷ፣ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ እኮ እንድትድን ብዬ ነው። ጭሱን ካጠፋሁ ትድናለች ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ ማንም ምንም አላለሽም» አለቻት እናቷ።

ከመሄዷ በፊት አምስት ጣሳ ጨመረችልን። አየር የሚያጣራ ተክል ነው አለች። ሠላሳ ሰባት ሆኑ።

ሳል፦ ሃያ አንድ። ይብቃ። ዛሬም ከኋላ ገጽ ላይ ጻፈች፤ ለቀን ረዝሞብኛል።

ዓርብ።

ሳል፦ አልቆጠርኩም፤ የጥሩንባ በረንዳ ላይ ነበረች።

ጉልበቴ አብጧል። ወንበር መታኝ። ከመሰላል ነው ወይ አለችኝ። መሰላል ማን አነሣ? ወንበር ነው በይና ጻፊ።

ቅዳሜ።

ካቻቪቴው ከመሣሪያ ሣጥኑ ጠፋ አለች። ከኪሴ ወጣ። ኪስ ውስጥ የማይገባ ነገር የለም።

ሳል፦ ሃያ አራት። የተናገረችው ትንሽ ነው።

እሁድ።

«ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ብናስለቅቀው? ጥሩንባ ያግዝሃል» አለችኝ።

«ጥሩንባን ቤቴ ውስጥ ምን አገባው? ነገ እኔው አደርገዋለሁ።»

«እሺ። ነገ።»

እጇ ደክሟል። አንዱን ቃል ጽፋ ታርፋለች፣ አንዱን ቃል ጽፋ ታርፋለች። አጭር ይሁን አለችኝ። ይሁን።

ማክሰኞ።

ከዚህ በኋላ የምትጽፈው ልጄ ናት።

ትናንት ጠዋት ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ተቀምጣ አገኘኋት። ከንፈሯ እንደ ወይን ጠቁሯል። መድኃኒቱን አፏ ላይ አደረግሁላት፤ የሚስብ ትንፋሽ የላትም። ለልጄ ደወልኩ። ልጄ መኪና የላትም። አምቡላንስ ቢጠራ በመንገድ ላይ ነው ይላሉ፣ መንገዱ የት እንደሆነ አይናገሩም። ጥሩንባ ያንን ጭሳም አሮጌ መኪናውን አስነሣ፤ ልጄ በየሳምንቱ «ይኼን ነገር ለምን አትጥለውም» እያለች የምትቆጣውን። ባለቤቴ በሱ ነው የደረሰችው። በአየር ቱቦ ተይዛ ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ገለጠች።

አሁን ጻፊ ልጄ። አታቋርጪኝ።

ሦስቱን ክቦች ደፍኛቸዋለሁ። ክፍት ይሁኑ ማለትሽ እንደሆነ ሐሙስ ዕለት ከአፍሽ ስሰማ ነው ያወቅኩት። ያን ጊዜ፣ «አልገባኝም ነበር፣ ደፍኛቸዋለሁ» ብልሽ ያው ዕለት ይከፈቱ ነበር። እንዳልሽው አድርጌያለሁ አልኩሽ። እናትሽ እየሰማች። ዓርብ ዕለት እሷን ጥሩንባ ዘንድ ልኬ መሰላል አቆምኩ። አንድ ብሎን ፈታሁ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ወደቅሁ። ቅዳሜ እንደገና ሞከርኩ፤ ካቻቪቴው ሲዞር እጄ አብሮት አልዞር አለ። ጥሩንባን መጥራት ነበረብኝ። አጥሩ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ ብጠራው ይሰማል። ምን ብዬ ልጥራው? ጓርኒሲዮን የደፈነውን ና ክፈትልኝ ልበለው? ዓርብ አልኩ፣ ቅዳሜ አልኩ፣ እሁድ ነገ አልኩ። ሦስት ቀን። ሦስት ቀን እሷ ያንን ስትስብ እኔ ክብሬን ስጠብቅ ነበር።

ልጄ እስክሪብቶውን ጥላለች። አሁን አነሣችው።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ማንበብ እንደማትችል እያወቅኩ ወረቀት ሰጥቼህ ሄድኩ። አንድ ደቂቃ ቆሜ ላሳይህ አልቻልኩም? ስብሰባ ነበረብኝ፣ ስለ ንጹሕ አየር።»

ስለ ንጹሕ አየር አለች። ሁለታችንም ሳቅ መጣብን፤ ሳቅ ግን አልሆነም።

«ልጄ ጥፋት የለባትም ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

«እሺ።»

«ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ።»

በምን አውቃለሁ።

ረቡዕ።

ጥሩንባን ጠራሁት። በአጥሩ ላይ፣ በስሙ። ምን እንደሆነ ነገርኩት። አንድ ቀልድ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቀለደም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ቁምሳጥኑን ከልጄ ጋር ሦስት ሆነን ጎተትን። ግድግዳው ከወለል እስከ ትከሻዬ ድረስ ጥቁር ነው። ይበልጥ የጠቆረው በእሷ ትራስ በኩል ነው። ጥሩንባ መሰላሉ ላይ ወጣ፣ እኔ ከታች ያዝኩለት። ብሎኖቹ እምቢ አሉ። ላሜራው እምቢ አለ። ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለጠ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ሁሉ ምን ሊያመልጥህ ነው?» አለኝ። እንደዚያ ያለ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜም ቢሆን የኮራሁበት ትንሽ ቦታ ውስጤ ነበረች። አፈርኩባት።

ቀትር ላይ የመጀመሪያዋ ተከፈተች። ቃጫው ሲወጣ ነፋሱ ግንባሬን መታኝ። ወንፊቱ በአንድ በኩል ተጣሟል፤ ነፋስ ሲያልፍበት ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ጥሩንባ ላቃናው አለ። ተወው አልኩት፤ ከዚህ በኋላ እጄን አላስገባባትም።

ዓርብ። አባርቶ ዋለ።

ሐኪሙ ከልጄና ከነርሷ ጋር ተነጋገረ። የቤቱ ቀዳዳዎች ሁሉ ቢከፈቱም ልስኑ በሙሉ ተፈንቅሎ፣ ደርቆ፣ እንደገና እስኪለሰን ድረስ ትንፋሿ አይችለውም። በበጋው መጨረሻ እንይ አለ። እንይ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት። እንይ ማለት ነው አለኝ።

እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። ሩቅ ነው፣ ደረቅ አገር ነው። እህቷ ያላት አንዲት ክፍልና ሁለት አልጋ ነው። እኔስ? አላልኩም። ልስኑን ማን ይፈነቅላል?

መኪናው ውስጥ ሆና በመስኮቱ አናገረችኝ። አፏ ላይ ያለውን ጭምብል ዝቅ አደረገች።

«ጣሳዎቹን ደጅ አውጣቸው» አለችኝ።

«እጥላቸዋለሁ።»

«እንዳትጥል። ልጅቷ ታዝናለች። አውጣቸውና ውሃ ስጣቸው።»

እሺ አልኳት። ሌላም ልነግራት ነበር። ጭምብሉን መለሰችና መኪናው ሄደ። ከአጥሩ ጥግ ሲታጠፍ ምን እንደምታህል አየሁ፤ ልጅ አክላለች።

እሁድ።

ልጄን ደብተሩን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አልኳት። የተናገርኩትን ሁሉ አነበበችልኝ። አንድ ቃል አልጎደለም። አትጻፊው ያልኳትንም ጽፋዋለች።

ከዚያ፣ «ከኋላም ቀን ትጽፍ ነበር፣ እስቲ እዪው» አልኳት። ገለበጠችው። ዝም አለች። ልጄ ዝም ስትል አላውቃትም።

«ምን ይላል?»

«አባዬ...»

«ቀን ነው አይደል? አንብቢዋ!»

እንዲህ ይላል። እዚህ ላይ ድገሚና ጻፊው አልኳት፣ ከፊት ገጽም እንዲኖር።

«ሰኞ። አሥራ አራት ያለው ልክ ነው። ዘጠኝ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ። ቀይ ክቦቹን ደፍኗቸዋል። ወረቀቱን አየሁት፤ ክፍት ይተው ነው የሚለው። ያንን ሲሠራ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያፏጭ ከጥሩንባ በረንዳ ሆኜ ስሰማው ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ቀለሙ ነው አልኩት። ዝናቡ ሲያባራ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሁለተኛው። ለልጁ ዋሸ። ፊቱን አየሁት፤ አሁን አውቋል። ካወቀ አይቀር ራሱ ይክፈታቸው። ከኔ አፍ ከሰማው አይድንም።

ዓርብ። መሰላሉን ሲጎትት ሰማሁ። ሲወድቅም ሰማሁ። ጥሩንባ ተነሥቶ ሊሮጥ ሲል እጁን ይዤ አስቀመጥሁት። ሳይጠራው ከገባ ይጠላዋል።

እሁድ። እጄ ደከመ። ነገ ብሏል።»

ሌላ የለም። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

እንዳፏጨሁ አላውቅም ነበር። ሰው ሲያፏጭ ራሱን አይሰማም እንዴ?

እሷ ለኔ ስትል ዝም አለች፤ እኔም ለኔ ስል ዝም አልኩ። ሁለታችንም ዝም ያልነው ለአንድ ሰው ነው። ልጄ ይህን ስትጽፍ ወረቀቱ ላይ ውሃ ነጠበ። ከጣሪያው አይደለም።

ረቡዕ። ነፋስ።

ነርሷ ደብተሩን ልትወስድ መጣች። የሚጨመር አለ ብዬ እስከ ማታ ይቆይልኝ አልኳት።

ልስኑን መፈንቀል ጀምሬያለሁ። በቀን ሁለት ክንድ ያህል። ጉልበቴ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ጥሩንባ ልርዳህ ሲል እሺ እለዋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እሱ ወገቡን ያመዋል። ሠላሳ ሰባቱም ጣሳ ደጅ ነው፤ ግማሹ ብርድ መትቶት ወድቋል። ውሃ እሰጣለሁ። ለወደቀውም እሰጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ እህቷ ደወለችና ስልኩን ለሷ ሰጠቻት። እኔ መኝታ ቤት፣ ከቀዳዳዋ ሥር፣ ካፖርቴን ለብሼ ቆሜያለሁ።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ጉልበትህስ?»

«ወንበር አይመታኝም አሁን።»

ሳቅ ብላ አቆመች። የኋላውን ገጽ አስነበብኩት ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሁለታችንም ዝም ስንል ነፋሱ በወንፊቱ ገባ።

«ማነው የሚያፏጨው?» አለችኝ።

ቀና ብዬ ቀዳዳዋን አየሁ። ልጄ በር ላይ ቆማ እኔን ታያለች።

«አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አልኳት።

እያዳመጠች ነበር። ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ ወደ ላይ፣ ወደ ቀዳዳዋ፣ እጄ እስኪዝል ድረስ ያዝኩላት።

ሳል፦ አንድም አልሰማሁ። አፏን በእጇ ይዛ ይሆናል።